ለአምፖል የተዘረጋ ሽቦ

ብዙዎቻችሁ ተከራይታችሁ ነው ያላችሁት፤ አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ከጓሮ ሰርቪስ እየሠራችሁ አከራይ ልትሆኑ ነው። ስለዚህ የዛሬው ታሪክ ስለ ቴዎድሮስና ስለ ጋፋት ሳይሆን ስለ ቆጣሪ ነው።

እኛ እኮ ኤሌክትሪክን «መብራት» ነው የምንለው። በእኩለ ቀን ምጣዱ ሲቀዘቅዝ እንኳ «መብራት ጠፋ» እንላለን። ስሙ ዝም ብሎ አልመጣም። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው መሥሪያ ቤት ራሱ የኢትዮጵያ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ነበር የሚባለው። ስሙ ስንቴ ተቀይሮ፣ በ2006 ለሁለት ተከፍሎም፣ ሰው ዛሬም «መብራት ኃይል ሄጄ መጣሁ» ይላል። ወደኛ አቅጣጫ የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው ጣቢያ በ1950ዎቹ አጋማሽ ሲሠራ፣ ትልቁ ኃይል ፈላጊ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር። ከፋብሪካ አልፎ ቤት የገባው አምፖል ነው፤ ሲበዛ ሬዲዮ። ሽቦውም የተዘረጋው ለዚያው ልክ ነው።

ከዚያ ሐምሌ 19 ቀን 1967 መጣ። አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። ኪራይም ተቀነሰ። ለደሃው ተከራይ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ግን በዚያች ጥቂት ብር እንኳን ሽቦ ሊቀየር፣ የሚያፈስ ጣሪያም በቅጡ አልተጠገነም። ባሕር ዛፍ ላይ የተቸነከረ ሽቦ፣ ሥሩ የማዳበሪያ ኮርኒስ፣ እንዲሁ ዓመታት አለፉ። ለኪራይ ብሎ ቤት የሚሠራም ጠፋ።

ዘመኑ ተለውጦ ማከራየት ሲፈቀድ ሰው ከጓሮው አንድ ሁለት ክፍል መቀጠል ጀመረ። እኛም ጋ በ2004 ዩኒቨርሲቲው ሥራ ሲጀምር ኪራይ ፈላጊው በዛ። ቆጣሪ የሚገባው በባለቤቱ ስም ስለሆነ፣ ሰርቪሱ ከትልቁ ቤት ሽቦ ይጎትታል። አንድ ቆጣሪ፣ አምስት ቤተሰብ።

እዚህ ላይ ነው ምጣዱ የሚመጣው። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። ይህ ባለ 60 ዋት አምፖል 58 ያህል ማለት ነው! በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይሆናል። ሁለት ተከራዮች በቡሄ ዋዜማ አብረው ቢጋግሩ፣ በሽቦው የሚያልፈው ኮረንቲ እጥፍ ይሆናል፤ የሽቦው ሙቀት ግን አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ አከራይ «ምጣድ የለም፣ ካውያ የለም» ሲል ንፉግነት ብቻ አድርጋችሁ አትዩት። ሽቦው በእርግጥም አይችልም። የሚያናድደኝ ሌላ ነው፦ ብሬከሩ ሲወድቅ ሽቦውን ትቶ ብሬከሩን በትልቅ የሚቀይረው ሰው። ብሬከሩ የወደቀው እኮ ሽቦው እንዳይቃጠል ነው።

የሒሳቡ ጣጣም አለ። ከታኅሣሥ 2011 ጀምሮ ታሪፉ ሲጨምር በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም በቀድሞው ዋጋ ቀረ፤ አጠቃቀም በጨመረ ቁጥር ዋጋው ይወደዳል። ለደሃ ታስቦ ነው። ነገር ግን አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም በመዝገብ የሚታየው አንድ ትልቅ ተጠቃሚ ነው። አንድ አምፖል የሚያበራው ተከራይ ያ ቅናሽ አይደርሰውም። የ2016ቱ የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉን ቢያንስ ለሁለት ዓመት፣ ቅድሚያ ክፍያውን ቢበዛ የሁለት ወር አድርጎታል፤ ጥሩ ነው። የግቢው ሽቦ ግን ያው የድሮው ነው።

ሰርቪስ የምትሠሩ፣ ልስን ሳይጀመር ለምጣድ ከብሬከር ጀምሮ ለብቻው መስመር አስዘርጉ፤ ወፍራም ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር ያለው። ለየክፍሉም ትንሽ ቆጣሪ አስገቡለት፤ ወር በመጣ ቁጥር «አንተ ነህ ያበዛኸው» መባባሉ ይቀራል።

እስኪ እናንተ ግቢ አንድ ቆጣሪ ለስንት ቤት ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።