ሻጭን የሚያጠምዱ መልእክቶች፤ እንዴት እንለያቸው?

በእንግሊዝኛ «ፊሺንግ» የሚባለው የኢንተርኔት ማጭበርበር ስሙን ያገኘው ከዓሣ ማጥመድ ነው፡፡ ለጣና ዳሩ የፎገራና የደራ ሰው ነገሩን ማስረዳት አይከብድም፡፡ መንጠቆው በምግብ ተሸፍኖ ይጣላል፣ የራበው ይውጠዋል፡፡ ለሻጭ ደግሞ ምግቡ «ገዢ መጣ» የሚለው ወሬ ነው፡፡

ሻጭ ከሌላው ሰው ይበልጥ የሚጠመድበት ምክንያት ግልጽ ይመስለኛል፡፡ የፎገራ ሩዝ፣ የፋርጣ ድንች ወይም ማር በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚያስተዋውቅ የደብረ ታቦር ነጋዴ ስልኩን ለማያውቀው ሁሉ ይፋ ያደርጋል፡፡ ከማያውቀው ሰው የሚመጣ መልእክት ለእሱ ሥራው ነው፡፡ በመሆኑም «ለማታውቀው አትመልስ» የሚለው ምክር አይጠቅመውም፤ የሚጠቅመው መለየት መቻል ነው፡፡

አንደኛው ሐሰተኛ የክፍያ ማረጋገጫ ነው፡፡ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ «ይህን ያህል ብር ደርሶዎታል» የሚለውን አጭር መልእክት ሁሉም ለምዶታል፡፡ አጭበርባሪው ያንኑ ቃል በቃል ጽፎ ከራሱ ስልክ ይልካል፡፡ የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፤ በ09 ከሚጀምር የግለሰብ ቁጥር ከመጣ ሐሰት ነው፡፡ ይሁንና የላኪውን ስም ብቻ አይመኑ፣ የክፍያውን ፎቶም (ስክሪን ሾት) እንደ ማስረጃ አይቀበሉ፡፡ *127# ደውለው ቀሪ ሂሳብዎን ይዩ፤ ለንግድ ባንክ ደግሞ *889# አለ፡፡ ሁለቱም ኢንተርኔት አይፈልጉም፡፡ በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ላስታወሰ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፡፡

ሁለተኛው ኮድ መጠየቅ ነው፡፡ «ክፍያው እንዲገባልህ የደረሰህን ቁጥር ንገረኝ» ይላሉ፡፡ ያ ቁጥር የቴሌግራምዎ ወይም የሂሳብዎ መክፈቻ ቁልፍ ነው፡፡ እዚህ ላይ አንድ ሕግ ይያዙ፡፡ ገንዘብ ለመቀበል የሚስጥር ቁጥርም ሆነ ኮድ አያስፈልግም፤ ኮድ የሚያስፈልገው ለመክፈል ወይም ለመግባት ነው፡፡ «ገንዘቡ እንዲደርስህ የባንክ ካርድህን ቁጥር እዚህ ሙላ» የሚል ሊንክም ከዚሁ ወገን ነው፡፡

ሦስተኛው ኢሜይል ነው፡፡ በውጭ አገር ሆነው በኢቤይና በኤትሲ የሚሸጡ ወገኖቻችን ይበልጥ ያውቁታል፡፡ «ሂሳብዎ በ24 ሰዓት ውስጥ ይታገዳል» ይልና ሊንክ ያስከትላል፡፡ አድራሻውን ሲያነቡ ከ«ነጥብ ኮም» በፊት በቅርብ ያለውን ስም ይዩ፤ ባለቤቱ እሱ ነው፡፡ «ኢቤይ ነጥብ እገሌ ነጥብ ኮም» የሚለው የእገሌ እንጂ የኢቤይ አይደለም፡፡ «ኢቤይ» ላይ በሰረዝ ሌላ ቃል የተቀጠለበትም የኢቤይ ነው ብለው አይውሰዱት፡፡ ከሁሉ የሚሻለው ሊንኩን ሳይነኩ ራስዎ ወደ ሂሳብዎ መግባት ነው፡፡ ኢቤይ ስለ ሂሳብዎ በእርግጥ ጽፎ ከሆነ ቅጂው እዚያው የመልእክት ሳጥንዎ ውስጥ ይገኛል፡፡

ሦስቱንም የሚያመሳስላቸው ጥድፊያ ነው፡፡ «መኪናው ሊነሳ ነው፣ ቶሎ ጫን» የሚል ገዢ ሲያጋጥም ከሁሉ በፊት ሂሳብ ማየት ይገባል፡፡ ወደ ባሕር ዳር የተጫነ ኩንታል ተመልሶ አይመጣም፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፡፡

መንጠቆው አንዴ ከያዘስ? የምመክረው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፡፡

1. የሚስጥር ቁጥርዎን ወዲያው ይቀይሩ፡፡ ለኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ለንግድ ባንክ 951 ይደውሉ፡፡ ቁጥሩን ራስዎ ይምቱ እንጂ በመልእክቱ ላይ ወደተጻፈው አይደውሉ፡፡

2. የቴሌግራም ኮድ ሰጥተው ከሆነ፣ በማስተካከያው ውስጥ «መሣሪያዎች» የሚለውን ከፍተው የማያውቁትን ያስወጡ፡፡ አዲስ የገባ መሣሪያ ነባሩን ማስወጣት የሚችለው ከ24 ሰዓት በኋላ ስለሆነ ያ አንድ ቀን የእርስዎ ነው፡፡ ከዚያ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ያብሩ፡፡

3. መልእክቱን አያጥፉ፡፡ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የላኪውን ቁጥር ይዘው ለፖሊስ ያመልክቱ፡፡ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አሳሳች መረጃ በማሰራጨት ሰውን የጎዳ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራትና እስከ 50 ሺህ ብር መቀጮ እንደሚቀጣ ይደነግጋል፡፡

4. ለጎረቤት ነጋዴ ይንገሩ፡፡ የተታለለ ሰው ብዙውን ጊዜ አፍሮ ዝም ይላል፤ ያው መልእክት ግን በማግስቱ ወደሚቀጥለው ሱቅ ይሄዳል፡፡ ዝምታ የሚጠቅመው ላኪውን ብቻ ነው፡፡