ቆጣሪውና ቤተሰቡ፦ የመብራት ታሪፍ ታሪክ ከጉለሌ ግቢዎች ሲታይ



የዛሬው ንግግሬ ርእሰ ጉዳይ የመብራት ሂሳብ ነው። ለታሪክ ትምህርት ክፍል ያነሰ ርእስ የሚመስለው ሰው እንደሚኖር እገምታለሁ። ስለ ግድቦቻችን ብዙ ተጽፏል፤ ከአባ ሳሙኤል እስከ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ድረስ እያንዳንዱ የምረቃ ቀን፣ ፎቶግራፍና ንግግር አለው። በየወሩ ቤተሰብ የሚከፍለው ሂሳብ ግን የታሪክ ሰነድ ሆኖ ሲነበብ እምብዛም አይታይም። ሰነዱ ትንሽ ቢሆንም፣ መንግሥት ከዜጋው ቤት ውስጥ ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ በግልጽ የሚያሳይ ነው። ዓመተ ምሕረቱን የምጠቅሰው፣ «እ.ኤ.አ.» ካላልኩ በቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላሳስብ።

ለምሳሌ የመረጥሁት ጉለሌን ነው። ከእንጦጦ ግርጌ ያለው ይህ የከተማችን ክፍል፣ ሽሮ ሜዳንና አዲሱ ገበያን የመሳሰሉ የቆዩ ሰፈሮችን፣ በአንድ በር የሚገባባቸውና ብዙ ቤተሰብ የሚኖርባቸውን ግቢዎች ይዟል። እንዲህ ባለው ግቢ ግድግዳ ላይ ብዙውን ጊዜ አንድ ቆጣሪ ተሰቅሎ ይገኛል። የዛሬው ክርክሬ ከዚሁ ቆጣሪ ይነሣል። ታሪፉ የሚያውቀው ቆጣሪውን ነው፤ ከቆጣሪው ኋላ ስንት ምድጃ እንዳለ አያውቅም። ለድኻው ታስቦ የተሠራው ዝቅተኛ ዋጋ፣ ድኻው በብዛት በሚኖርበት ግቢ ሳይደርስ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከመነሻው ልጀምር። ኤሌክትሪክ ወደዚህ አገር የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ ለቤተ መንግሥት ብርሃን ነበር። በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው የአባ ሳሙኤል ጣቢያ ስድስት ሜጋዋት ገደማ ያመነጭ ነበር። በዚያን ጊዜ የአዲስ አበባ እውነተኛ የኃይል ምንጭ ወንዙ ሳይሆን ተራራው ነበር። ምኒልክ ያስመጡት ባሕር ዛፍ የእንጦጦን ወገብ ሸፍኖ ከተማይቱን ከማገዶ ችግር አድኗታል። ጉለሌ ደግሞ የዚያ ማገዶ መውረጃ በር ሆነች። ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው ቁልቁለቱን የሚወርዱት ሴቶች የዚህ የኃይል ታሪክ አካል ናቸው፤ በግድቦች ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ግን ቦታ አልተሰጣቸውም።

በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው መሥሪያ ቤት የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተባለ። ስሙን ልብ በሉ። «መብራት» የቤት ነው፤ «ኃይል» የፋብሪካ ነው። ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቆቃ ጣቢያ 43 ሜጋዋት ሲያመነጭ የታሰበለት ዋነኛ ተጠቃሚ በአዋሽ ተፋሰስና በአዲስ አበባ የሚስፋፋው ኢንዱስትሪ ነበር። ሕዝቡም ክፍፍሉን በቋንቋው ተቀብሎታል፤ ዛሬም ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ «መብራት ሄደ» ይላል እንጂ «ኃይል ተቋረጠ» የሚለው የመሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ ነው። ይህ የቋንቋ ነገር ዝቅ ብዬ በማነሣው ሂሳብ ውስጥ ተመልሶ ይመጣል።

አሁን ወደ ግቢው እንግባ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው፣ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማችንን ኑሮ ከሥር ቀይሮታል። ወርኃዊ ኪራያቸው ከመቶ ብር የማይበልጡ ቤቶች በቀበሌዎች አስተዳደር ሥር ገቡ፤ ኪራዩም ተቀነሰ። ለተከራዩ ትልቅ እፎይታ ነበር። ነገር ግን አዋጁ የቤቱን ባለቤት ለወጠ እንጂ ቤቱን አላበዛውም። ቤተሰብ ሲሰፋ፣ ልጅ ሲያገባ፣ ዘመድ ከገጠር ሲመጣ ያው ቤት በኮምፖርሳቶ ይከፈላል፤ ከጓሮው ጭቃ ቤት ይቀጠላል። ክፍሉ በተጨመረ ቁጥር ከነባሩ መስመር ሽቦ ይሳባል፤ ቆጣሪ ግን አይጨመርም። አዲስ ቆጣሪ ለማስገባት የቤቱን ባለመብትነት የሚያስረዳ ሰነድ ያስፈልጋል፤ የጓሮ ክፍል ተከራይ ደግሞ ይህ የለውም። እንዲህ ሆኖ በአንድ ቆጣሪ ሥር አራትና አምስት ቤተሰብ ተሰበሰበ።

በዚህ ላይ የመጣው የእርከን ታሪፍ ነው። ሐሳቡ የእኛ ብቻ አይደለም። የኤሌክትሪክ ዋጋ አወሳሰን ሲጀመር ጥያቄው የወጪ ጥያቄ ነበር። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆን ሆፕኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1892 ደንበኛው የሚከፍለው በሁለት እንዲከፈል ተከራከረ፤ አንዱ ለእርሱ ሲባል ዝግጁ ሆኖ ለሚቆመው መሣሪያ፣ ሌላው በትክክል ለተጠቀመበት ኃይል። በሂሳባችን ላይ «የአገልግሎት ክፍያ» የሚለው መሥመር የዚህ አስተሳሰብ ልጅ ነው። ከነዳጅ ቀውሱ ወዲህ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ገነነ፤ ለኑሮ የግድ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው መጠን በርካሽ ይሰጥ፣ ከዚያ በላይ የሚጠቀም ከፍ አድርጎ ይክፈል የሚል። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1975 በሕግ ደነገገችው። በታዳጊ አገሮችም የውኃና የመብራት ድርጅቶች ተቀበሉት።

በ1998 ዓ.ም. በአገራችን ሥራ ላይ የዋለው የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ሰባት እርከኖች ነበሩት። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ድረስ አንዱ ኪሎዋት ሰዓት 0.2730 ብር፣ ቀጥሎ እስከ 100 ድረስ 0.3564፣ እስከ 200 ድረስ 0.4993 እያለ ወጥቶ ከ500 በላይ 0.6943 ብር ይደርስ ነበር። በነገራችን ላይ ይህ የመጨረሻው ቁጥር፣ ንግድ ቤት ከ50 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ሲጠቀም ከሚከፍለው ጋር አንድ ነው። በሌላ አነጋገር ሰፊ ቪላ ውስጥ የሚኖር ሰው ከ500 ባለፈው ፍጆታው የሚከፍለው ዋጋ፣ አንዲት ሱቅ ከ50 ባለፈው ከምትከፍለው እኩል ነበር።

አንድ ግቢ እናስብ። አራት ቤተሰብ፣ እያንዳንዱ በወር 40 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም። ሁሉም የየራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው እያንዳንዳቸው 10.92 ብር፣ በድምሩ 43.68 ብር ይከፍሉ ነበር። በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀሙ ግን ለታሪፉ የሚታየው 160 ኪሎዋት ሰዓት የሚፈጅ አንድ «ሀብታም» ደንበኛ ነው። በየእርከኑ ሲሰላ 61 ብር ከ43 ሳንቲም ይመጣል፤ ጭማሪው ወደ አርባ በመቶ ይጠጋል። በእርግጥ አራት ቆጣሪ ቢኖር የአገልግሎት ክፍያውም አራት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ልዩነቱ በመጠኑ ይጠባል። እኔ ግን ይህን ማካካሻ አድርጌ አልወስደውም። ለአነስተኛ ተጠቃሚ ተብሎ የተሰጠው መብት ከሥሩ ተነቅሏልና።

ይህን ጉዳይ ከእኛ በፊት ያነሡት በውኃ ታሪፍ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ዴል ዊቲንግተን እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ብዙ ቤተሰብ አንድ የቧንቧ መስመር በሚጋራበት አገር የእርከን ታሪፍ ሊረዳው ያሰበውን ሰው መልሶ እንደሚጎዳ አስጠንቅቆ ነበር። የእኛ ታሪፍ የወጣው ከዚያ ከ14 ዓመት በኋላ ነው።

በግቢው ውስጥ ደግሞ ሌላ፣ በየትኛውም ጋዜጣ ያልታወጀ ታሪፍ አለ። በሌሎች አገሮች ቤተሰብ የተለያዩ አቅራቢዎችን ዋጋ አወዳድሮ ይመርጣል። በ1998ቱ ታሪፍ ለኢንዱስትሪ እንኳ በሰዓት የሚለይ ዋጋ ነበር፤ በዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚጠቀም ፋብሪካ ሰው በሚበዛበት ሰዓት 0.7426፣ በሌላው ሰዓት 0.5421 ብር ይከፍል ነበር። ለመኖሪያ ቤት እንዲህ ያለ ምርጫ አልተሰጠም። የጉለሌ ተከራይ የሚያወዳድረው ታሪፍን ከታሪፍ ሳይሆን አከራይን ከአከራይ ነው። አንዱ በአምፖል ቁጥር ያስከፍላል። ሌላው ቴሌቪዥን ላለው ይህን ያህል፣ ማቀዝቀዣ ላለው ይህን ያህል ብሎ ይተምናል። ሦስተኛው መብራትን ከቤት ኪራዩ ጋር ደምሮ «ምጣድና ካውያ ክልክል ነው» ይላል። በሽሮ ሜዳ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ እስከ ሌሊት የሚሸምን ሸማኔ ከብርሃን በቀር ሌላ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ ሆኖም አምፖሉ ከጎረቤቱ አምፖል ይበልጥ ስለሚያመሽ ከአከራዩ ጋር የሚያነታርከው ነገር አያጣም። ይህ ሁሉ ድርድር በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ውስጥ የለም። አከራዮችንም ሁሉ በስግብግብነት መክሰስ ተገቢ አይመስለኝም፤ ብዙዎቹ ራሳቸው በዚያው እርከን የተመቱ ናቸው።

የ1998ቱ ታሪፍ እስከ ኅዳር 2011 ዓ.ም. ድረስ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሳይነካ ቆየ። ቁጥሩ ባይለወጥም ዋጋው ግን ተለውጧል። በ1998 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ ዶላር ወደ 8 ብር ከ70 ሳንቲም ይመነዘር ስለነበር የመጀመሪያው እርከን ሦስት የአሜሪካ ሳንቲም ያህል ነበር፤ በ2011 መግቢያ ዶላሩ 28 ብር ገደማ ሲደርስ ያው 0.2730 ብር ወደ አንድ ሳንቲም ወረደ። ትራንስፎርመሩና ሽቦው የሚገዛው ግን በዶላር ነው። በዚሁ ዘመን ተከዜ፣ ጊቤ ሁለትና በለስ ተመርቀው ሳለ በየሰፈሩ መብራት የሚቆራረጥበትን ምክንያት ለሚጠይቅ ተማሪ፣ ከመልሶቹ አንዱ እዚህ ላይ ይገኛል። ርካሹ ታሪፍ ከሁሉ በላይ የጠቀመው ብዙ ኃይል ለሚፈጀው ቤት ነበር፤ ድጎማው የሚሰጠው በኪሎዋት ሰዓት ነውና።

የ2011ዱ ማሻሻያ ይህን ለማረም የመጣ ነው፤ ዓላማውንም እደግፋለሁ። የመጀመሪያው እርከን በ0.2730 ብር እንዲቆይ ሆኖ ሌሎቹ በአራት ዓመት ደረጃ በደረጃ እንዲያድጉ ተወሰነ። በአራተኛው ዓመት ከ51 እስከ 100 ያለው 0.7670፣ ከ101 እስከ 200 ያለው 1.6250፣ ከ500 በላይ ያለው 2.4810 ብር ደረሰ። በወረቀት ላይ ድኻው ተጠብቋል። ከግቢው ሲታይ ግን ሌላ ነገር ሆኗል። በ1998 ዓ.ም. በሦስተኛውና በመጀመሪያው እርከን መካከል ያለው ርቀት ሁለት እጥፍ እንኳ አይሞላም ነበር፤ በማሻሻያው አራተኛ ዓመት ግን ስድስት እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀረው። ከላይ ያልኋቸው አራት ቤተሰቦች የየራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው ያኔም በድምሩ 43.68 ብር ይከፍሉ ነበር። በአንድ ቆጣሪ ግን፣ ለደንበኛው በሚያደላው ስሌት እያንዳንዱን እርከን በራሱ ዋጋ ብቻ ብናስበው እንኳ፣ 149 ብር ከ50 ሳንቲም ነበር። እርከኖቹ በተራራቁ ቁጥር ቆጣሪ የመጋራት ቅጣትም ከበደ።

እስካሁን 40 ኪሎዋት ሰዓት ስል የቆየሁት ምጣድ ስለሌለው ቤት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ተኩል ኪሎዋት ያህል ይስባል። አንዲት እናት በሳምንት ሁለት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን አንድ ሰዓት ተኩል ብትጋግር፣ በወር 45 ኪሎዋት ሰዓት ለእንጀራ ብቻ ይሄዳል። የመጀመሪያው እርከን በምጣዱ ተሞላ፤ ለአምፖልና ለቴሌቪዥን የቀረው አምስት ነው። ስሙን ልብ በሉ ያልኋችሁ ለዚህ ነው። የ50 ኪሎዋት ሰዓት ወሰን የሚያውቀው የሚበራን ቤት እንጂ የሚጋግርን ቤት አይደለም። ከዚያ ወሰን በላይ መክፈል ያልቻለ፣ ወይም አከራዩ ምጣድ የከለከለው ቤተሰብ ወደ ከሰልና ወደ ማገዶ፣ ለጉለሌ ሰው ሲሆን ደግሞ ወደ እንጦጦ ቅጠል ይመለሳል።

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በአራት ዓመት ውስጥ በየሦስት ወሩ እንዲሻሻል ተደርጓል፤ ለዝቅተኛ ተጠቃሚዎች የሚደረገው ድጎማም እንደቀጠለ ነው። በአዲሱ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሥርዓት ደግሞ በወር ከ200 ኪሎዋት ሰዓት በላይ የሚጠቀም ቤት ታክሱን ይከፍላል። እያንዳንዳቸው 45 የሚፈጁ አምስት ቤተሰቦች በአንድ ቆጣሪ 225 ይሆናሉ። አንዳቸውም ለብቻቸው ከዚያ ወሰን ሩቡን እንኳ አያልፉም።

ቆጣሪና ቤተሰብ አንድ ለአንድ የሆኑበትን ሁኔታ ማየት የሚፈልግ ተመራማሪ ወደ ኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ይሂድ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በተሠሩት በእነዚህ ሕንፃዎች እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቆጣሪ አለው። ከፈረሰ የቀበሌ ቤት ተነሥቶ ወደዚያ የሄደ ቤተሰብ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን 50 ኪሎዋት ሰዓት አገኘ። ነገር ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ማገዶ አይነድም። ግቢ ሳለ በጭስ ቤት፣ በቅጠል ትጋግር የነበረችው እናት በገባች በሳምንቱ የኤሌክትሪክ ምጣድ ትገዛለች።