ሪሴፕተር

የጡት ካንሰር የናሙና ምርመራ ውጤት ላይ «ኢስትሮጅን ሪሴፕተር፦ ፖዘቲቭ» ተብሎ ሲጻፍ ብዙ ሰው ይደነግጣል። አይፈረድም፤ ከኤችአይቪ ወዲህ «ፖዘቲቭ» በጆሯችን ክፉ ዜና ነው። እዚህ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ደህና ወሬ ነው።

ሪሴፕተር፣ በአማርኛ «ተቀባይ»፣ አንድን ሆርሞን ለይቶ የሚይዝ የሴል ፕሮቲን ነው። ሆርሞን በደም ውስጥ መላ አካላችንን ይዞራል፤ የሚሰማው ግን ተቀባይ ያለው ሴል ብቻ ነው። የኢስትሮጅን ተቀባይ በዋናነት የሚገኘው በሴሉ ኒውክለስ ውስጥ ነው። ሆርሞኑን ሲይዝ ዲኤንኤው ላይ ያርፍና ሴሉን የሚያባዙ ጂኖችን ይቀሰቅሳል። ይህን ተቀባይ ያገኘው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ኤልዉድ ጄንሰን ሲሆን፣ ጊዜው በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ነበር።

«ፖዘቲቭ»ን ደህና ወሬ የሚያሰኘው ይህን ተቀባይ የሚዘጋ መድኃኒት መኖሩ ነው። ታሞክሲፈን የተባለው እንክብል በጡት ሴል ውስጥ ተቀባዩን ቀድሞ ይይዝና ኢስትሮጅንን ባዶ እጁን ይመልሳል። ተንኮሉ ማህፀን ላይ ነው፦ እዚያ ራሱ እንደ ኢስትሮጅን ሆኖ ሴሎችን ያባዛል። ስለዚህ መድኃኒቱን የምትወስድ ሴት ያልተለመደ የማህፀን ደም ካየች ሳትውል ሳታድር ለሐኪሟ መንገር አለባት።

የተቀባይ ነገር የሚነሳው በካንሰር ብቻ አይደለም። በግሬቭስ በሽታ የሰውነት የራሱ ፀረ እንግዳ አካላት የታይሮይድ ዕጢን ተቀባይ ያለ ፋታ ይጎነትላሉ፤ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ክብደት ይቀንሳል።

ወደ ጡት ካንሰሩ የውጤት ወረቀት ስንመለስ፣ «ፖዘቲቭ» ለመባል ተቀባዩን በሚያሳየው የምርመራ ቀለም ከመቶ የካንሰር ሴሎች የአንዱ መቅለም ይበቃል። ከ1 እስከ 10 በመቶ የሆነው ለብቻው «ዝቅተኛ ፖዘቲቭ» ስለሚባልና በሆርሞን መድኃኒት የሚገኘው ጥቅም ያን ያህል ስላልተረጋገጠ፣ ሐኪሙን «ስንት በመቶ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው።