ፋኑ ሳይሆን ሙቀቱ፦ የጸጥተኛ ኮምፒውተር ታሪክ

ሁለት ሦስት ስክሪን ደርድሮ ቀን ኮድ የሚጽፍ፣ ማታ በዚያው ማሽን ጌም የሚጫወት ወጣት ዛሬ ብርቅ አይደለም። ነገሩ ግን የትናንት ፋሽን እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያው አይቢኤም ፒሲ በ1981 ገበያ ላይ ሲወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሁለት ዓይነት የስክሪን ካርድ ነበረው። አንዱ ባለ አንድ ቀለም ነው፤ ጥርት ያለ ፊደል ያወጣል እንጂ ሥዕል አያውቅም። ሌላው ባለ ቀለም ሆኖ ፊደሉ ሻካራ ነበር። ሁለቱ ካርዶች የሚጠቀሙበት የሜሞሪ አድራሻ የተለያየ ስለነበር፣ ሁለቱንም አንድ ማሽን ውስጥ ሰክቶ ሁለት ሞኒተር ማገናኘት ይቻል ነበር።

ጌም ሠሪዎች ይህችን ነገር ወደዷት። ጌሙ በባለ ቀለሙ ስክሪን ላይ ይሮጣል፤ ዲበገር የሚባለው ስህተት አሳዳጅ ፕሮግራም ደግሞ በጎን ባለው ስክሪን ላይ የጌሙን የውስጥ ጉድ ይዘረዝራል። አንድ ስክሪን ብቻ ቢሆን ኖሮ አንዱ የሌላውን ምስል እየሸፈነ መከራ ያሳያቸው ነበር።

ያ ማሽን ግን ዝም አይልም። የሚገርመው፣ ፕሮሰሰሩ የራሱ ፋን ቀርቶ ሙቀት መበተኛ ብረት እንኳ አልነበረውም። የሚያጓራው የፓወር ሰፕላዩ ፋን ነው። እሱም የሚሰጠው 63.5 ዋት ብቻ ነበር፤ ለዛሬ የጌም ኮምፒውተር ብዙውን ጊዜ ከዚያ አሥር እጥፍ የሚበልጥ ይገጠማል።

በዚያው ዘመን ይህን ድምፅ አምርሮ የሚጠላ አንድ ሰው ነበር፤ ስቲቭ ጆብስ። በ1977 የወጣው አፕል 2 ፋን የለውም። ምስጢሩ ያለው ሮድ ሆልት የሚባል መሐንዲስ በነደፈው ፓወር ሰፕላይ ላይ ነው። የተለመደው ዓይነት ትርፉን ኤሌክትሪክ ዝም ብሎ ወደ ሙቀት ሲቀይር፣ የሆልት ግን ኤሌክትሪኩን በጣም በፍጥነት እያበራ እያጠፋ የሚፈለገውን ያህል ብቻ ያሳልፋል። ብክነቱ ስለቀነሰ ሙቀቱም ቀነሰ፤ ፋኑ አላስፈለገም።

ከዚያ በ1980 አፕል 3 መጣ። አሁንም ያለ ፋን። ሙቀቱ በአሉሚኒየም መሠረቱ በኩል እንዲወጣ ነበር የታሰበው። ዳሩ ግን ማሽኖቹ መበላሸት ጀመሩ፤ ቺፖች ከመሰኪያቸው እየላሉ ይወጡ ነበር። ለደንበኞች የተሰጠው ምክር ዛሬም ያስቃል፦ ማሽኑን ከጠረጴዛው ጥቂት ከፍ አድርጋችሁ ልቀቁት፣ ቺፖቹ ተመልሰው ይገባሉ! መጀመሪያ የተሸጡት 14,000 ገደማ ማሽኖች መቀየር ነበረባቸው፤ ሞዴሉም በ1984 ተቋረጠ። ቀፎውን የነደፈው ጄሪ ማኖክ ጥፋቱ የእኔ ሳይሆን የዋናው ቦርድ ነው ብሎ ተከራክሯል፤ እውነትም ቦርዱ የታጨቀ ነበር። ለእኔ ግን ልዩነቱ ግልጽ ነው። አፕል 2 ጸጥ ያለው ሙቀቱ ከምንጩ ስለተቀነሰ ነው። በአፕል 3 የተቀነሰው ፋኑ ብቻ ነበር።

እስቲ ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ እንይ። በቺፕ ውስጥ ያለ ትራንዚስተር በበራና በጠፋ ቁጥር ትንሽ ኤሌክትሪክ ወደ ሙቀት ይቀየራል። ይህ ሙቀት ከፍጥነቱ ጋር እኩል ያድጋል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬው ነው የሚያድገው። ቮልቴጁን በ10 በመቶ ብትቀንሱት ሙቀቱ በ19 በመቶ ይወርዳል። በ1974 የአይቢኤሙ ሮበርት ዴናርድ ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ደስ የሚል ነገር አሳየ፦ ትራንዚስተሩ ባነሰ መጠን ቮልቴጁንም አብረን ካሳነስን፣ ከእያንዳንዱ ካሬ ሚሊሜትር የሚወጣው ሙቀት አይጨምርም።

ኢንዱስትሪው በዚህ ተስፋ 30 ዓመት ያህል ሮጠ። ሩጫው ግን ከተስፋው ቀደመ። በ1993 የወጣው ፔንቲየም 15 ዋት ገደማ ይበላ ነበር፤ በ2004 የወጡት ፔንቲየም 4 ፕሮሰሰሮች ከ100 ዋት አለፉ። ቮልቴጁን ከዚያ በላይ ማውረድ አልተቻለም፤ ትራንዚስተሩ ጠፍቶም ኤሌክትሪክ ማፍሰስ ጀምሮ ነበር። እነዚያን ምድጃዎች የሚያቀዘቅዙት ደግሞ በደቂቃ ሺህ ጊዜዎች የሚሽከረከሩ ትንንሽ ፋኖች ነበሩ። በ2003 ኤንቪዲያ ያወጣው ጂፎርስ ኤፍኤክስ 5800 አልትራ የተባለ ግራፊክስ ካርድ ከጩኸቱ የተነሳ ከቤት መጥረጊያ ማሽን ጋር ተመሳሰለ፤ ኩባንያው ራሱ በካርዱ የሚቀልድ ፊልም ሠራበት። ኢንቴል በ2004 ተከታዩን ፕሮሰሰር ሰርዞ ፊቱን ብዙ ኮር ወዳላቸው ቺፖች አዞረ። በ2006 የመጣው ኮር 2 ዱዎ የተመደበለት 65 ዋት ነበር። ጸጥታ ለሚወድ ሰው ከማንኛውም የፋን ፈጠራ የበለጠ ትልቅ ድል ይሄ ይመስለኛል።

ፋኑም ቢሆን ተሻሽሏል፤ ከሁሉ በላይ ግን ተለቀ። ባለ 120 ሚሊሜትር ፋን ስፋቱ ከባለ 80ው 2.25 እጥፍ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብሎ እየዞረ ያንኑ ያህል አየር ያንቀሳቅሳል። ቀስ ማለት ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። የአንድን ፋን ፍጥነት በግማሽ ብትቀንሱ ድምፁ በ15 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል፤ 10 ዴሲቤል ሲቀንስ ደግሞ ጆሯችን ድምፁ በግማሽ የቀነሰ ያህል ይሰማዋል። አንድ ሌላ ፋን ስትጨምሩ ግን የሚጨመረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። እና አንድ ትንሽ ፋን ከሚጮህ፣ ሁለት ትልልቆች ቢያንሾካሽኩ ይሻላል። ሃርድ ዲስክማ ነገሩ አለቀ፤ ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ክፍል ስለሌለው ያ የድሮው ጭርጭርታ ከነአካቴው ቀረ።

አሁን ወደ ብዙ ስክሪኖቹ ልመለስ፤ እዚህ ጋ ብዙ ሰው የማያውቃት ወጥመድ አለች። ማትሮክስ በ1999 አንድ ካርድ ሁለት ሞኒተር እንዲነዳ አደረገ፤ ኤኤምዲ በ2009 ቁጥሩን እስከ ስድስት አደረሰው። ከ2014 ገደማ ጀምሮ ደግሞ ብዙ ካርዶች ሥራ ሲፈቱ ፋናቸውን ጭራሽ ያቆማሉ። ለዚህ የካርዱ ሜሞሪ ፍጥነቱን ዝቅ ማድረግ አለበት፤ ፍጥነቱን የሚቀይረው ግን በአንድ ምስልና በሚቀጥለው መካከል ባለች ቅጽበታዊ ክፍተት ነው፤ ካልሆነ ስክሪኑ ብልጭ ይላል። አንዱ ስክሪን በሰከንድ 60፣ ሌላው 144 ጊዜ የሚታደስ ከሆነ ክፍተቶቹ አይገጣጠሙም። ስለዚህ ካርዱ ምንም ሳይሠራ ሜሞሪውን በሙሉ ፍጥነት ያቆያል፣ ይሞቃል፣ ፋኑም አያርፍም። አዳዲሶቹ ካርዶች ተሻሽለዋል፤ ቢሆንም ተመሳሳይ ስክሪኖች መግዛት ወይም እድሳቱን አንድ ማድረግ ብዙ ጊዜ ፋን ከመቀየር ይበልጣል።

አዲስ አበባ ላይ ለምትገጣጥሙ ደግሞ ሌላ ስሌት አለ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፤ አየሩ በተመሳሳይ ሙቀት ባሕር ዳርቻ ካለው አየር በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ፋኑ በእኩል ፍጥነት ቢዞርም የሚያሳልፈው አየር ክብደቱ በሩብ ያንሳል፤ ሙቀት የሚሸከመው ደግሞ ክብደቱ ነው። ስለዚህ ዝቅ ባለ አገር የተለካ ማቀዝቀዣን «ይበቃል» ብሎ መግዛት እዚህ አይሠራም፤ አንድ ደረጃ ተለቅ ያለውን ውሰዱ። በበጋ ለሚነሳው አቧራ ደግሞ ወጥቶ የሚታጠብ ማጣሪያ ያለው ኬዝ።

እኔ ብመርጥ የምጀምረው ከፕሮሰሰሩ ነው፤ ለኮድም ለጌምም 65 ዋት የሚመደብለት በቂ ነው። ግራፊክስ ካርዱ ብረቱ ወፍራም፣ ፋኖቹ ትልልቅ ይሁኑ፤ ከዚያ በሶፍትዌር የዋት ጣሪያውን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ከሚያስፈልገው ትርፍ ያለው ይሁን፣ ፋኑ እንዳይጨነቅ። ፊቱ ድፍን፣ ውስጡ ስፖንጅ የተለጠፈበት «ጸጥተኛ» የተባለ ኬዝ ሳይ ግን አፕል 3 ትዝ ይለኛል፤ ፊቱ ወንፊት የሆነውን እመርጣለሁ።

ይህ ሁሉ ተሳክቶ ፋኖቹ ዝም ሲሉ፣ ቀድሞ ያልሰማችሁት ቀጭን ሲርርታ ከግራፊክስ ካርዱ ሊመጣ ይችላል። የኤሌክትሪክ ጥቅልሎቹ ሲንቀጠቀጡ የሚያወጡት ድምፅ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚብሰው በጌሙ መክፈቻ ገጽ ላይ፣ ካርዱ ያለ ሥራ በሰከንድ መቶዎች ምስል ሲያመርት ነው። ምስሎቹን በሰከንድ 60 ወይም 100 ላይ ገድቡት፤ ብዙ ጊዜ እሱም ይለሰልሳል።