የወንዝ ዳርና የገንዘብ ቤት፦ በእንግሊዝኛው «ባንክ» ላይ የቀረበ ሙግት

ሥነ ልሳን የተማረ ሁሉ ይህን ምሳሌ ያውቀዋል። እንግሊዝኛው «ባንክ» የወንዝ ዳርም የገንዘብ ተቋምም ነው፤ ፍችዎቹ ስለማይገናኙ በአጋጣሚ የተመሳሰሉ ሁለት ሞክሼ ቃላት ናቸው ይባላል። ጆን ላየንስ በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሥነ ትርጉም መግቢያ መጽሐፍ ለፍጹም ሞክሼነት ሦስት መስፈርቶች አስቀምጧል፦ ፍችዎቹ እንዳይዛመዱ፣ ቅርጾቹ ሁሉ አንድ እንዲሆኑ፣ ሰዋስዋዊ አገባባቸውም እንዲገጥም። «ባንክ»ንም በምሳሌነት ጠቅሷል። በኋለኞቹ ሁለት መስፈርቶች አልሟገትም። ቃሉ የመጀመሪያውን ያሟላል መባሉን ግን አልቀበልም።

የገንዘቡ «ባንክ» ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ከጣሊያንኛው «ባንካ» ነው፤ ከፊሉም በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ መጥቷል። «ባንካ» አግዳሚ ወንበር ወይም ጠረጴዛ ማለት ነው። የፍሎረንስ ገንዘብ መንዛሪ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ መዝገቡን ከፊቱ አድርጎ ይሠራ ነበር፤ ተቋሙ ስሙን ያገኘው ከዚያ የቤት ዕቃ ነው። ጣሊያንኛው ራሱ ግን ቃሉን የወሰደው ከጀርማናዊ ቋንቋዎች ነው። የወንዙ «ባንክ» ደግሞ ከስካንዲኔቪያ ሰፋሪዎች ቋንቋ የመጣ ሲሆን፣ ትርጉሙ ከፍ ብሎ የተደለደለ አፈር፣ የአሸዋ ክምር ነበር። ሁለቱም መንገዶች የሚነሡት ከአንድ የጥንት ጀርማናዊ ሥር ነው። ሥሩ በንጽጽር የተገኘ እንጂ በጽሑፍ የተመዘገበ አለመሆኑን ማስታወስ ተገቢ ነው፤ ዝምድናውን ግን ዐበይት የሥርወ ቃል መዝገቦች ይቀበሉታል።

ለሙግቴ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ጀርመንኛ ነው። በዚያ ቋንቋ «ባንክ» አግዳሚ ወንበርም የገንዘብ ቤትም ነው፤ የሚለያዩት ሲበዙ ብቻ ነው። ወንበሮቹ «ቤንከ»፣ የገንዘብ ተቋማቱ «ባንከን» ይባላሉ። ውኃ ውስጥ የተቆለለ አሸዋም «ዛንድባንክ» ሲሆን፣ ሲበዛ እንደ ወንበሩ «ቤንከ» ይላል። አፈሩ ከወንበሩ ጋር፣ ወንበሩም ከገንዘቡ ጋር በአንድ ቃል ውስጥ ተቀምጠዋል። በእንግሊዝኛም ወንበሩ «ቤንች»፣ ግብዣው «ባንኬት»፣ ኪሳራው «ባንክራፕት» የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። የከሰረ መንዛሪ ወንበሩ በአደባባይ ይሰበርበት ነበር የሚለው ትረካ ለዚህ ሙግት አያስፈልግም፤ ዝምድናው ያለ እሱም ይቆማል።

አፈርና መቀመጫ በአንድ ስም መጠራታቸው ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሊሆን አይገባም። «መደብ» ስንል በግድግዳው ሥር በጭቃ ተደልድሎ የተሠራውን መቀመጫና መኝታ ማለታችን ነው፤ ጎመንና ሽንኩርት የሚተከልበትን ከፍ ያለ አፈርም በዚያው ቃል እንጠራዋለን። ማንም ሁለት ቃላት ናቸው አይልም። የገንዘቡን ዘመድ ማየት የሚፈልግም ወደ ማንኛውም መጠጥ ቤት ይግባ፤ ጠጪዎች ክርናቸውን የሚያሳርፉበት «ባንኮኒ» ከጣሊያንኛው «ባንኮኔ» የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ትልቅ ባንኮ፣ ማለትም ሻጭና ገዢ የሚለያዩበት ረጅም ጠረጴዛ ነው። «ባንክ» ስንል የምንረሳውን ጠረጴዛ «ባንኮኒ» እስከ ዛሬ ይዞልናል። የሥነ ትርጉም መማሪያዎች ይህን ማስረጃ ሳይነኩት ማለፋቸው ያሳዝነኛል።

የዛሬው ተናጋሪ ይህን ታሪክ ስለማያውቅ ለእሱ ሁለት ቃላት ናቸው የሚል መልስ ይሰጣል። መልሱ ግን ደካማ ነው። መስፈርቱ የተናጋሪው ስሜት ከሆነ፣ አንዱ የሚያየውን ዝምድና ሌላው ስለማያየው፣ ያው ቃል በአንድ ቤት ውስጥ አንድም ሁለትም ሊሆን ነው።

ለተማሪዎቻችን እውነተኛ ሞክሼ የሚፈልግ መምህር ግን አይቸገርም። በእንግሊዝኛ ጆሮም የእህል ዛላም «ኢር» ይባላሉ። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ቅርጻቸው የተለያየ ነበር፤ ሥራቸውም ሌላና ሌላ ነው። «ባንክ» ከሞክሼዎች ዝርዝር ይውጣ፤ ቦታውን «ኢር» ይያዝ።