ግድቡ ወይስ ወራቱ? የግልገል ጊቤ የወባ ክርክር

በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሥር እ.ኤ.አ. በ2005 የተቋቋመው የግልገል ጊቤ የመስክ ምርምር ማዕከል ሃያ ዓመቱን ደፍኗል። ማዕከሉ ከጅማ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በአሰንዳቦና በዴኔባ ከተሞች እንዲሁም በቀርሳ፣ በጢሮ አፈታ፣ በኦሞ ናዳና በሰኮሩ ወረዳዎች በሚገኙ የገጠር ቀበሌዎች የስነ ሕዝብና ጤና ክትትል ያካሂዳል፤ ይኸውም የተወለደውን፣ የሞተውን፣ የመጣውንና የሄደውን ሰው ቤት ለቤት እየዞሩ በተከታታይ መመዝገብ ማለት ነው።

የሥራው መሠረት ከዚያ በፊት የተጣለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን ማሰልጠን ጀምሮ ነበር። የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት፣ ማለትም ሕዝቡ በሚኖርበት ቦታና በራሱ ተሳትፎ የሚሰጥ መሠረታዊ ሕክምናና መከላከል፣ በ1978 በአልማ አታ ጉባኤ የዓለም መርሕ ከሆነ ከአምስት ዓመት በኋላ የተመሠረተው የጅማ ጤና ሳይንስ ተቋም ደግሞ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን የተቋሙ መለያ አደረገው። የሕክምና፣ የፋርማሲ፣ የላቦራቶሪና የነርስ ተማሪዎች እንደ አጋሮ፣ ሸቤና አሰንዳቦ ባሉ ከተሞች ጤና ጣቢያዎች በአንድ ቡድን እየተመደቡ የአካባቢውን ችግር ከጤና ጣቢያው ሠራተኞችና ከነዋሪው ጋር ይለዩ፣ በክብደቱ ቅደም ተከተል ይሰጡትና መፍትሔውንም ይሞክሩ ነበር።

ይህ ልማድ ከሁሉ በላይ የተፈተነው በአንድ ጥያቄ ነው። 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የግልገል ጊቤ ግድብ በ2004 ሥራ ሲጀምር፣ የተኛው ውኃ ለወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል የሚለው ሥጋት መነሻ ነበረው፤ ቴድሮስ አድኃኖምና ባልደረቦቻቸው በ1999 ያሳተሙት የትግራይ ጥናት በአነስተኛ ግድቦች አጠገብ በሚኖሩ ሕፃናት ላይ ወባ ከግድብ ርቀው ከሚኖሩት ሰባት እጥፍ እንደሚበዛ አሳይቶ ነበርና። የጅማው ተመራማሪ ደለነሳው የኋላውና ባልደረቦቹም በ2005 መጨረሻ ከግድቡ እስከ 3 ኪሎ ሜትር ባለው ርቀት የሚኖሩትንና ከ5 እስከ 8 ኪሎ ሜትር የራቁትን፣ ዕድሜያቸው ከአሥር ዓመት በታች የሆኑ ከ1,000 በላይ ልጆች መርምረው በቅርቦቹ ላይ ወባ በዝቶ ማግኘታቸውን በ2009 አሳተሙ።

ነገሩ በዚህ የተቋጨ ቢመስልም፣ ከአራት ዓመት በኋላ የወጣው የዚያው ተመራማሪ ሁለተኛ ጥናት ሌላ መልስ ይዞ መጣ። በዚህኛው በ16 መንደሮች የሚኖሩ ከ2,000 በላይ ልጆች ለሁለት ዓመት በየሳምንቱ ሲጎበኙ ቆይተው፣ ከግድቡ መቅረብም ሆነ መራቅ በወባ መያዝ ላይ ጉልህ ለውጥ እንደማያመጣ፣ የበሽታውን መጠን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ወቅቱ መሆኑን ጥናቱ ደመደመ።

ሁለቱን መልሶች የሚለያቸው አሠራራቸው ነው። የመጀመሪያው የአንድ ጊዜ ቅኝት ነበር፤ እንዲህ ያለው ጥናት በዚያ ሰሞን ማን በደሙ ተውሳክ እንዳለበት ይቆጥራል እንጂ ማን መቼ እንደታመመ አያውቅም። ሁለተኛው ተከታታይ ክትትል በመሆኑ አዲስ ሕመም በተከሰተ ቁጥር ይመዘግባል፤ ክረምቱንም በጋውንም ያያል። ግድቡን ከነጭራሹ ነፃ ማውጣት ባይቻልም፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከመንደሩ ያልራቀው መዝገብ በጥቂት ወራት ከተሰበሰበው የበለጠ ክብደት ይኖረዋል። የትግራዩ ውጤትም በዚህ አይሻርም፤ ትንንሽ የመስኖ ግድቦችና አንድ ትልቅ የኃይል ማመንጫ ሐይቅ ለትንኝ የሚያመቹበት መንገድ የተለያየ ነው።

ስለ ክትትሉ የዕለት ተዕለት ውሎ በጽሑፍ የቀረው ጥቂት ነው። ልጆቹን በየሳምንቱ የጎበኙት ሰዎች በሳይንሳዊ መጽሔቶች ገጽ ላይ የሚታዩት በቁጥር ብቻ ሲሆን፣ በር የከፈቱላቸው እናቶች ደግሞ በቁጥርም አይታዩም።

ሁለተኛው ጥናት ያነሣው የወቅት ጉዳይ የጅማን ዙሪያ በቀጥታ ይነካል። ከክረምት በኋላ ወባ የሚበረታባቸው ወራት የአጋሮ፣ የጎማና የሊሙ ቡና የሚለቀምባቸው፣ ለቃሚውም ከቦታ ወደ ቦታ የሚንቀሳቀስባቸው ወራት ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ ውስጥ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኞችና 1,157 ሞት የተመዘገበ ሲሆን፣ ከፍተኛውን ድርሻ የያዘው የኦሮሚያ ክልል ነው። ስለዚህ ቡናው መቅላት ሲጀምር አስቀድሞ ሊገለጥ የሚገባው መዝገብ የጤና ኬላው መዝገብ ነው።