ሹፌሩ፣ ረዳቱና ውሻው

ዋሽንግተን ዲሲ ያለው የስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም መግቢያ አይከፈልበትም። ስለዚህ ከሀገር ቤት እንግዳ ሲመጣብኝ መጀመሪያ የምወስደው እዚያ ነው። ባለፈው ዓመት አባቴ ሊጠይቀኝ ሲመጣ እሱንም ወሰድኩት። ብዙውን ነገር ዝም ብሎ እያለፈ ሄደና ጣሪያም የፊት መስታወትም የሌላት አንዲት ቀይ አሮጌ መኪና ጋ ሲደርስ ቆመ። መኪናዋ ላይ የአቧራ መነጽር ያጠለቀ ውሻ ተቀምጧል፤ ምስል ነው እንጂ እውነተኛ ውሻ አይደለም። ሕጻናቱ ውሻውን እያዩ ይስቃሉ። አባቴ ግን ጎንበስ ብሎ ጎማዋን አየ፣ ከሥር ያለውን ብረት አየ። ቀና ሲል ጠየቀኝ።

«ከየት እስከ የት ነው የሄደችው?»

«ከሳን ፍራንሲስኮ እስከ ኒውዮርክ። አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ያቋረጠች የመጀመሪያዋ መኪና ናት።»

«ሹፌሩስ?»

«ጃክሰን የሚባል ሐኪም ነው።»

«ረዳቱስ?»

መልስ አልነበረኝም። በዚያች መኪና አጠገብ ከዚያ በፊት ቢያንስ አራት ጊዜ አልፌያለሁ። የውሻውን ስም ሳይቀር አውቃለሁ፤ ቡድ ነው። ረዳት ይኑር አይኑር ግን አስቤው አላውቅም።

ለማታውቁት፣ አባቴ ሹፌር ከመሆኑ በፊት በአሰብ መንገድ ሰባት ዓመት የከባድ መኪና ረዳት ነበር። ረዳት ማለት መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም ዘሎ ወርዶ ታኮ የሚያስገባ፣ ጎማ የሚፈታ፣ ሸራ የሚያስር፣ ሌሊት ሹፌሩ ሲተኛ ጭነቱን የሚጠብቅ ሰው ነው። ጥያቄው ከዚያ ነው የመጣው። እኔም ማታ ቤት ገብቼ ላፕቶፔን ከፈትኩ።

*

ነገሩ የተጀመረው በውርርድ ነው። ጊዜው ግንቦት 1895 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1903 ነው። ሆራሺዮ ኔልሰን ጃክሰን የ31 ዓመት ሐኪም ነው፤ አገሩ በምሥራቅ በኩል ያለችው ቬርሞንት ናት። ሚስቱ በርታ የሀብታም ልጅ ስለሆነች ገንዘብ አላሳሰበውም። ሳን ፍራንሲስኮ አንድ ክበብ ውስጥ ተቀምጦ ሰዎች ስለ መኪና ሲከራከሩ ሰማ። መኪና ለከተማ ሽርሽር እንጂ ለሩቅ መንገድ አይሆንም ይላሉ። እሱ ደግሞ ከ90 ቀን ባነሰ ጊዜ ኒውዮርክ እገባለሁ ብሎ በ50 ዶላር ተወራረደ።

አንድ ችግር ነበር። ጃክሰን መካኒክነት አያውቅም።

ረዳቱ እዚህ ጋ ይመጣል። ስሙ ሱዎል ክሮከር ነው። ዕድሜው 22፣ የብስክሌት ተወዳዳሪ የነበረና የቤንዚን ሞተር የሚያውቅ ልጅ ነው። የትኛው መኪና እንደሚገዛ የመከረውም እሱ ነው። ጃክሰን በምክሩ መሠረት ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ 20 የፈረስ ጉልበት ያላት ዊንተን መኪና ገዛና «ቬርሞንት» ብሎ ሰየማት። የመኝታ ከረጢት፣ የማብሰያ ዕቃ፣ ጠመንጃ፣ መጥረቢያ፣ አካፋ፣ ካሜራ፣ የነዳጅ ቆርቆሮ፣ ረጅም ገመድና መዘውር ጫኑ። በርታ በባቡር ወደ ቤቷ ስትሄድ እነሱ ግንቦት 15 ቀን ተነሱ።

ጥቂት እንደሄዱ አንድ ጎማ ፈነዳ። ቀጥሎ የማብሰያ ዕቃዎቻቸው እየተንጠባጠቡ መንገድ ላይ ቀሩ፤ የሞተሩ ጩኸት ከባድ ስለነበር ሲወድቁ አልሰሙም።

ያን ጊዜ ከከተማ ውጭ አስፋልት የሚባል ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። ቤንዚን ማደያ የለም። ቤንዚን እንደ ላምባ በሱቅ ነው የሚሸጠው፣ እሱም ከተገኘ። የመኪናዋ ፋብሪካ ባለቤት አሌክሳንደር ዊንተን ራሱ ከሁለት ዓመት በፊት ሞክሮ የኔቫዳ አሸዋ ውጦ አስቀርቶታል። ስለዚህ እነጃክሰን በረሃውን ለመሸሽ መጀመሪያ ወደ ሰሜን፣ ወደ ኦሪገን ወጡ፤ ከዚያ ነው ወደ ምሥራቅ የዞሩት። መንገድ ሲጠይቁ አንዲት ሴት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ በተሳሳተ አቅጣጫ ሰደደቻቸው። ኋላ ሲጣራ፣ በዚያ በኩል ያሉት ቤተሰቦቿ መኪና የሚባል ነገር አይተው ስለማያውቁ እንዲያዩ ብላ ነው። አባቴ ይቺን ስነግረው ሳቀ። «እውነቷን ነው፤ ድጋሚ መቼ ሊመጡላት ነው?» አለ።

*

የዚህን ጉዞ ታሪክ ስታነቡ አንድ ነገር ይደጋገማል፤ የሆነ ነገር ይሰበራል፣ ክሮከር መላ ይፈልጋል።

ኦሪገን ውስጥ ነዳጅ ሲያልቅ ብስክሌት ተከራይቶ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደ። የብስክሌቱም ጎማ ተነፈሰ። እንዲያም ሆኖ ቤንዚኑን ይዞ ተመለሰ። አዲስ ጎማ በባቡር ይመጣል ተብሎ ሳይመጣ ሲቀር ጎማው ላይ ገመድ ጠምጥመው ተጓዙ። የፊት እግሯ ኩሽኔታ ሲበላ አንድ ገበሬን ለምኖ ከሣር ማጨጃ ማሽኑ ላይ ኩሽኔታ ፈታና እሱን ገጠመ። በመኪና ታሪክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የረዳት ሥራ ያለ አይመስለኝም።

ክሮከርም ቢሆን ብቻውን አልነበረም። በየከተማው ብረት ቀጥቃጭ አለ፤ የፈረስ ጋሪ የሚሠራበትን እጁን ለማያውቀው ማሽን ያውሰዋል። አንዴ ፈረሰኛ ከብት ጠባቂ በገመድ ጎተታቸው። ዋዮሚንግ ውስጥ ምግብ ሳይቀምሱ 36 ሰዓት ቆይተው አንድ በግ ጠባቂ የበግ ጥብስና በቆሎ ሰጣቸው። የእረኛው ስም ማን እንደሆነ አንብቤ አላገኘሁም። ሞተሩ በከባዱ ሲሰበር ደግሞ ቴሌግራም ወደ ክሊቭላንድ ፋብሪካ ይሄዳል፣ መለዋወጫ በባቡር ይመጣል፣ እነሱ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። መኪና ከባቡር እንደሚበልጥ ያሳያል የተባለው ጉዞ ያለባቡሩ አንድ ወር የሚቆይ አይመስለኝም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ታሪክ ሲጻፍ ግን ሃምሳውም ሎሚ የጃክሰን ይሆናል።

*

አሁን ወደ ውሻው። ሰኔ መጀመሪያ ላይ፣ አይዳሆ ውስጥ ካልድዌል የምትባል ከተማ አካባቢ ጃክሰን ውሻ አማረው። ጋዜጦች ስለ ውሻው አመጣጥ የተለያየ ወሬ ጽፈዋል፤ ጃክሰን ራሱ ለሚስቱ የጻፈላት ግን ከአንድ ሰው በ15 ዶላር እንደገዛው ነው። ቡድ የፒት ቡል ዘር ነው። በዚያ በረሃ ጨው ያለበት አቧራ ዓይኑን ሲያሳምመው የመንገደኞቹ ዓይነት መነጽር አጠለቁለት። ቡድ መነጽሩን ለመደው። መንገዱንም ለመደ፤ ጉድጓድ ሲመጣ እንደ ሹፌር ፊት ፊቱን እያየ ራሱን ያዘጋጅ ነበር ይባላል። ከሦስቱ መንገደኞች አንድም ቀን ሳይሳደብ የጨረሰው ውሻው ብቻ ነው ብሎ ጃክሰን ኋላ ቀልዷል።

ስለ ቡድ ማንበብ ደስ ይላል። ለዚህም ነው ጋዜጠኞቹ የወደዱት። በየከተማው ሕዝብ ተሰብስቦ ይጠብቃል፣ ጃክሰን ያወራል፣ ውሻው ከነመነጽሩ ፎቶ ይነሳል። ክሮከርም ፎቶው ላይ አለ። ግን ወሬው የጃክሰንና የውሻው ነው።

እኔም ያው ነኝ። ለጓደኞቼ ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ አውርቻለሁ! «መነጽር የሚያደርግ ውሻ ነበራቸው» ብዬ ነው የምጀምረው።

*

ነብራስካ ላይ ዝናቡ ጭቃ አደረገባቸው። በአንድ ቀን 17 ጊዜ በገመድና በመዘውር መኪናዋን ከጭቃ ጎትተው አውጥተዋል። ከኦማሃ በኋላ ግን መንገዱ እየተሻለ መጣ። ቡፋሎ አጠገብ አንድ ያላዩት ነገር መትተው ሦስቱም ከመኪናዋ ተወረወሩ፤ የከፋ ጉዳት ግን አልደረሰባቸውም። ሐምሌ 19 ቀን፣ በእኛ የቅዱስ ገብርኤል ዕለት፣ ሊነጋ ሲል ኒውዮርክ ገቡ። 63 ቀን ከ12 ሰዓት ከግማሽ ፈጅቷል። ከ7,000 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከ3,000 ሊትር በላይ ቤንዚን፣ 8,000 ዶላር ወጪ። ጃክሰን የ50 ዶላሩን ውርርድ አልተቀበለም።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ጃክሰን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመተ፣ ለቬርሞንት አገረ ገዢነት ተወዳድሮ ተሸነፈ፣ በ1944 መኪናዋን ለስሚዝሶኒያን ሰጠ፣ በ1955 በ82 ዓመቱ ሞተ። ቡድ ጃክሰን ቤት ገብቶ ቀሪ ዕድሜውን እዚያው ኖረ። ክሮከር በ1913 ሞተ፤ ከጉዞው አስር ዓመት በኋላ ማለት ነው። ሲሞት ገና ወጣት ነበር።

*

ይህ የፈረንጅ ነገር ነው እንዳትሉ። የእኛም የመጀመሪያ መኪና ታሪክ ተመሳሳይ ነው። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ቢድ ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ለአፄ ምኒልክ መኪና ይዞ ከባሕር ጠረፍ አዲስ አበባ ድረስ መጣ። ባቡሩ ያን ጊዜ የደረሰው ድሬዳዋ ድረስ ብቻ ነው፤ ለመኪና የተሠራ መንገድም አልነበረም። የንጉሠ ነገሥቱን ስም እናውቃለን፣ የእንግሊዛዊው ስም ተጽፏል። ድንጋይ ያነሱት፣ ገመድ የጎተቱት ግን «ሰዎች» ናቸው።

የእኔ ሥራ ሶፍትዌር ነው። እኛ ጋ ጊት የሚባል መዝገብ አለ፤ እያንዳንዷን የኮድ መስመር ማን፣ መቼ እንደጻፋት ይይዛል። ተማሪ ሳለሁ ይህ ነገር ፍትሕ ይመስለኝ ነበር። ሥራ ስገባ ግን አንድ ቦታ ሦስት ሌሊት ሙሉ የወደቀ ሲስተም ሳነሳ ከረምኩና በስብሰባው ላይ የተመሰገነው ሌላ ሰው ሆነ። መዝገቡ ላይ ስሜ አለ፤ የሚያነበው የለም እንጂ። በጣም ተናድጄ ነበር። ለወራት ለሰው ሁሉ ሳወራው ቆየሁ።

ያን ማታ ስለ ክሮከር ሳነብ ግን በራሴ አፈርኩ። ቅጽ ላይ የአባት ሥራ ስጠየቅ «ሹፌር» ብዬ ነው የምሞላው። ከዚያ በፊት የነበሩትን ሰባት ዓመታት አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም። እኔም የጃክሰንን ስም ብቻ ከሚጽፉት ነበርኩ።

ጠዋት ቡና እየጠጣን ነገርኩት። «ረዳቱ ክሮከር ይባላል። 22 ዓመቱ ነበር።»

«እኔ 19 ነበርኩ» አለ።

ከዚያ አወራ። ሌሊት ከመኪናው ሥር ሸራ አንጥፎ መተኛት፣ የአፋር ሙቀት፣ በእሳት የጋለ ብረት መንካት የለመደ እጅ። ከመነዳሪ ሲለጥፍ ማስቲሽ ሲያልቅበት ምን እንዳደረገ ነገረኝ፤ እንደ ክሮከር ኩሽኔታ ነው። የሹፌሩን ሙሉ ስም ከነአያቱ ያስታውሳል።

«እነሱስ ስምህን ይጠሩ ነበር?» አልኩት።

«ረዳት ነው የሚሉኝ። ሁሉንም እንደዚያ ነው የሚሉት፤ ክፋት የለውም።» ቡናውን ፉት አለ። «ሚሌ ላይ አንድ ውሻ ነበረ፤ ሻይ ቤቱ ጋ የሚያድር። ስንደርስ ሹፌሩን ትቶ ወደ እኔ ነበር የሚሮጠው። አጥንት የምጥልለት እኔ ነበርኩ መሰለኝ።»

የውሻው ስም ማን እንደነበር ጠየቅኩት። ትንሽ አሰበና፣ ስም እንዳልነበረው ነገረኝ።